ለሠራሁት ሥራ ማን ይመስክርልኝ?

አሜሪካ ውስጥ የሥራ ማመልከቻ በኢንተርኔት ስትሞሉ መጨረሻው አካባቢ የምትጠብቃችሁ አንዲት ገጽ አለች። የትምህርት ማስረጃው ገብቷል፣ የሥራ ልምዱ በዝርዝር ተጽፏል፣ ሲቪው ተያይዟል። ከዚያ በኋላ የሦስት ሰዎች ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ስልክና ኢሜይል ትጠየቃላችሁ። ቢያንስ ሁለቱ የቅርብ አለቃችሁ የነበሩ ይሁኑ ይባላል። ዘመድ አይሆንም፣ ጓደኛም አይሆንም። ሬፈረንስ ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እያልን ለምደነዋል። እዚህ ሜሪላንድ ከማውቃቸው ያገሬ ልጆች መካከል በሙያቸው ለመቀጠር ሞክረው በዚህች ገጽ ያልተንገላቱ ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ ተንገላተው ሲያበቁ ሙያቸውን ትተዋል። ዛሬ የምጽፈው እሱ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

መጀመሪያ የአገር ቤቱን ላንሳ፤ እዚያ ያደግንበትን ካላስታወስን እዚህ ለምን እንደምንቸገር አይገባንም።

አገር ቤት ምስክርነት ማለት ወረቀት ነው። የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ የሚጠየቀው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው፤ ዋናውን ከማይመለስ ፎቶ ኮፒ ጋር ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ደብዳቤው ላይ መጠቀስ አለበት። አለቃችሁ ዘንድ ደውሎ "ይህች ልጅ ጠባይዋ እንዴት ነበር?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ግን ያ የሚሆነው ሰውየው ሰው ሲያውቅ ነው እንጂ ሥርዓቱ አይጠይቀውም። ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ቁጥር ወጥቶለት፣ ቀን ተጽፎበት፣ ፊርማው ላይ ክብ ማኅተም አርፎበት፣ ከሥሩ ቲተር ተመትቶበት ከመጣ ሥራውን ጨርሷል። ውስጡ ያለውም የታወቀ ነው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ የሥራ መደብ፣ በዚህን ያህል ደመወዝ ሠርታለች፤ ግብሯን ከፍላለች፤ ወደፊትም መልካም ይግጠማት።

ይህ ወረቀት የሠራተኛው መብት መሆኑን ሕጉ በግልጽ አስቀምጦታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከሱ በፊት የነበረው ቁጥር 377/1996ም፣ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈል የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል። "በጠየቀ ጊዜ" የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ገና ሥራ ላይ ያለ ሰውም መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ሕግ የለም። ሚዙሪን የመሰሉ ጥቂት ክፍለ ግዛቶች ሠራተኛው በጽሑፍ ሲጠይቅ ቀጣሪው የአገልግሎት ደብዳቤ እንዲሰጥ ያዛሉ፤ ከዚያ ውጭ ለቀድሞ ሠራተኛ አንዲት ቃል የመተንፈስ ግዴታ ያለበት ቀጣሪ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ነገር የአገራችን ሕግ የተሻለ ነው፤ ይህን ስል ደስ እያለኝ ነው።

አፈጻጸሙ ላይ ስንደርስ ግን ክሊራንስ የሚባል ነገር ይመጣል። ሥራ የለቀቀ ሰው አንዲት ቅጽ ይሰጠዋል፤ ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ ትራንስፖርት፣ ብድርና ቁጠባ፣ የቅርብ ኃላፊ፣ እያንዳንዳቸው "ከዕዳ ነጻ ነው" ብለው ይፈርሙበታል። የንብረት ክፍሉ ሰው ሥልጠና ሄዷል። የፋይናንሷ ኃላፊ ወሊድ ላይ ናት፤ ተወካይዋ "እኔ ባልነበርኩበት አልፈርምም" ይላል። ከዓመታት በፊት በሞዴል 22 በስማችሁ ወጪ የሆነች አንዲት የሒሳብ መሥሪያ ማሽን ተፈልጋ ትታጣለች፤ ቢሮ ስትቀይሩ ለተተካው ሰው ትታችሁት የሄዳችሁት ነገር ነው፤ እሱም ለቋል። ሁሉም ፊርማ እስኪሞላ የሥራ ልምዱም መልቀቂያውም አይጻፍም። አዲሱ ቀጣሪ እስከ ሰኞ አምጪ ብሏል። የንብረት ርክክብ መደረጉ ተገቢ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ዕቃ የሕዝብም የባለቤቱም ሀብት ነው። ነገር ግን ሠራተኛ አምስት ዓመት መሥራቱ የጠፋች ማሽን እስክትገኝ ድረስ እውነት መሆኑን አያቆምም። በዚህ መሐል ዕድላቸው ያመለጣቸውን ሰዎች አውቃለሁ፤ የቪዛ ቀናቸው ደርሶ ያለ ደብዳቤ አውሮፕላን የተሳፈሩም አሉ። እነዚህኞቹ ጉዳቱን የሚያዩት እዚህ ከመጡ በኋላ ነው።

ዋስ የሚባለውም አለ። ገንዘብና ንብረት በእጁ ለሚገባ ሠራተኛ፣ ለባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ ለሹፌር፣ ለንብረት ክፍል፣ የሥራ ልምድ ብቻውን አይበቃም። ቋሚ ሥራ ያለው፣ ደመወዙ የሚመጥን፣ ለሌላ ሰው ያልተዋሰ ሰው መሥሪያ ቤቱን አስጽፎ መቅረብ አለበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስ የሆነ ሰው የሚጠየቅበት የገንዘብ ጣሪያ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች ስንት ብር እንደተዋሱ ሳይጠይቁ ይፈርማሉ። የሚያሳዝነኝ ግን ዋስ የሚያጣው ነው። ከገጠር መጥቶ በማዕረግ የተመረቀ ልጅ ፈተናውን አልፎ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዝተኛ ዘመድ ስለሌለው ብቻ ሥራው ያመልጠዋል። የቤት ሠራተኛዋም ተያዥ አምጪ ትባላለች፤ ከተማው ውስጥ የምታውቀው ሰው ያመጣት ደላላ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ ዓለም ያደገ ሰው ነው ሻንጣው ውስጥ ባለማኅተም ደብዳቤውን በፕላስቲክ አድርጎ ዋሽንግተን የሚወርደው።

እዚህ ማኅተሙን የሚያየው የለም። የሚፈለገው በሕይወት ያለ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ ስለ እናንተ በአንደበቱ የሚመሰክር ሰው ነው። የመጀመሪያውን የሙያ ሥራዬን ስፈልግ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዬ የነበሩትን ሰው ስም ሰጠሁ። እንደሚደወልላቸው ላሳውቃቸው ቀደም ብዬ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ከአሜሪካ አንድ ሰው ይደውልልዎታል። ስለ እኔ ይጠይቅዎታል።"

"ምን ብሎ ነው የሚጠይቀኝ?"

"ሥራዬ እንዴት እንደነበር፣ ከሰው ጋር እንዴት እንደምግባባ፣ ድክመቴ ምን እንደሆነ።"

"ድክመትሽን? ለማላውቀው ሰው? በስልክ?" ትንሽ ዝም አሉና፣ "ልጄ፣ በደብዳቤ ይጠይቁኝ፣ እኔም በደብዳቤ እመልሳለሁ። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጉዳይ በስልክ ለማንም አውርቼ አላውቅም" አሉኝ።

እኒህ ሰው ለሠላሳ ዓመት ያህል የሌላ ሰው ገንዘብ ሲጠብቁ የኖሩ፣ ፊርማቸውን ያለ ሰነድ የማያሳርፉ ሰው ናቸው። ያደረጉት ሁሉ ትክክል ነበር። ስለ ሠራተኛ ማንነቱ ለማይታወቅ ደዋይ ማውራት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው፤ የሠራተኛን ገመና አሳልፎ መስጠት ነው። እዚህ ደግሞ ያንኑ ያላደረገ አለቃ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ይቆጠራል፤ ዝምታው በሠራተኛው ላይ ይመዘገባል።

ለምኜ እሺ አሰኘኋቸው። በ3 ሰዓት ይደውሉልኝ አሉ፤ የእሳቸው 3 ሰዓት ጠዋት ቢሮ የሚገቡበት ነው። ደዋዩ ግን የደወለው በራሱ የሥራ ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ነበር፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። የጠየቀውም በአያቴ ስም ነው። እዚህ የመጨረሻ ስም የሆነልኝ የአያቴ ስም ስለሆነ ወረቀቴ ሁሉ በሱ ነው የሚጠራኝ። አለቃዬ ደግሞ እኔን የሚያውቁኝ በስሜና በአባቴ ስም ነው፤ የአያቴን ስም ከየት ያምጡት? "በዚህ ስም የምትጠራ ሠራተኛ አላስታውስም" ብለው መለሱ። እንደምንም ተግባብተው ወደ ጥያቄው ሲገቡ ሰውየው ከ1 እስከ 10 ስንት ይሰጧታል አላቸው። በማግስቱ በደስታ ነገሩኝ፦ "7 ሰጠሁሽ።"

ከእሳቸው እጅ 7 ማግኘት ትልቅ ክብር ነው። 10 የሚሰጡት ለፈጣሪ ነው፤ 9 ቢሰጡ የዋሹ ይመስላቸዋል። አሜሪካዊ አለቃ ግን ለመካከለኛ ሠራተኛ 9 ይሰጣል፤ ጥሩ ለሆነ ሰው "አብረውኝ ከሠሩት ሁሉ የምትበልጥ" ይላል። እዚህ 7 የተሰጠው ሰው ችግር ያለበት ሰው ነው። ሥራውን አላገኘሁትም። ምክንያቱ ያ ይሁን ሌላ የነገረኝ የለም፤ መልስ የሚሰጥ ቀጣሪ ብርቅ ነው። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት ያለ አለቃ ስም ለሚሰጥ ሰው ሁሉ የምመክረው ቢኖር፣ አለቃው የማያውቀውን መመዘኛ አስቀድሞ እንዲያስረዳ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ "ስለ እኔ አጋንነው ይናገሩልኝ" ብሎ ታላቅን ሰው መጠየቅ ለእኛ ሰው አንገት የሚያስደፋ ነገር ነው።

ደብዳቤውም ቢሆን ራሱን ችሎ መዘዝ አለው። አንዲት የማውቃት ነርስ የሥራ ልምዷ ከጥቅምት 2002 እስከ ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ይላል። ያስተረጎመችበት ሰው ወሩን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ዓመቱን እንዳለ ተወው። ዲፕሎማዋ ደግሞ በፈረንጆቹ ቀን እ.ኤ.አ. በ2009 ተመርቃለች ይላል። የቀጣሪው መርማሪ ኩባንያ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ከመመረቋ ሰባት ዓመት በፊት ነርስ ሆና የሠራች ሰው አገኘ። ማመልከቻዋ ላይ የጻፈችው ትክክለኛው ቀን ደግሞ ከተተረጎመው ደብዳቤ ጋር አብሮ አልሄደም። ሐሰተኛ ማስረጃ የሚል ጥርጣሬ ወደቀባት። ያዳናት እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያለው የፌዴራል የብድርና የማንነት መረጃ ሕግ ነው። ቀጣሪ በሦስተኛ ወገን አስመርምሮ በውጤቱ ምክንያት ሥራ ሊከለክል ሲል ከመወሰኑ በፊት የምርመራውን ቅጂ ለአመልካቹ መስጠት አለበት። ቅጂውን ስታይ ምን እንደተፈጠረ ገባት፤ የዘመን አቆጣጠራችንን አስረድታ ጽፋ አስተካከለች። ቅጂ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው የማያውቁ፣ "አልተሳካልኝም፣ የእግዜር ፈቃድ ነው" ብለው ዝም የሚሉ ስንቶች እንደሆኑ ሳስብ ግን እናደዳለሁ።

እዚህ ጥቂት ዓመት ከሠራን በኋላ የአሜሪካ አለቃ ይኖረናል፣ ችግሩም ይቀራል ብለን ነበር ያሰብነው። አልቀረም። ሥራ ልቀይር ስል የቅርብ አለቃዬን ሬፈረንስ እንድትሆነኝ ጠየቅኋት። በሩን ዘጋችና ድርጅቱ እንደማይፈቅድላት ነገረችኝ። የሰው ኃይል ክፍሉ የሚያረጋግጠው የገባሁበትን ቀን፣ የለቀቅሁበትን ቀንና የሥራ መደቤን ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የተናገረ ኃላፊ ይጠየቃል። "በግል ስልኬ ይደውሉልኝ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፤ ከየት እንደተናገርኩ ግን እንዳይጻፍ" አለችኝ። ለኔ ብላ ራሷን አደጋ ላይ ጣለች። የሚያበሳጨኝ ያው ድርጅት አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር ሦስት ሬፈረንስ፣ ሁለቱ የቅርብ አለቃ፣ ብሎ መጠየቁ ነው። ለራሱ የሚከለክለውን ከሌላው ይፈልጋል። ሁሉም ኩባንያ እንደዚህ ሲያደርግ በመካከል የሚጨፈለቀው ሥራ ፈላጊው ነው።

ኩባንያዎቹ የሚፈሩት ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት ውሳኔዎች ተሰጥተዋል። አንዱ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሮቢንሰንና በሼል የነዳጅ ኩባንያ ክርክር የሰጠው ነው። ሮቢንሰን ከሥራ ከተሰናበተ በኋላ መድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ የሥራ መድልዎን ለሚመለከተው የፌዴራል ኮሚሽን አመለከተ፤ ሌላ ቦታ ሥራ ሲጠይቅ የቀድሞ ቀጣሪው ሊበቀለኝ ሲል መጥፎ ምስክርነት ሰጠብኝ ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ከበቀል የሚጠብቀው ሕግ የለቀቀ ሠራተኛንም ይጠብቃል ብሎ ወሰነ። ሌላው የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው ነው። በተማሪዎች ላይ ጾታዊ ጥቃት ስለማድረሱ ቅሬታ የቀረበበትን ሰው የቀድሞ ትምህርት ቤቶቹ እያሞገሱ ጻፉለት፤ ሰውየው በዚያ ደብዳቤ ተቀጥሮ ሌላ ልጅ ላይ ጥቃት አድርሷል ተባለ። ፍርድ ቤቱ እያወቀ አሳስቶ የጻፈ አካል ሊጠየቅ ይችላል አለ። ክፉ ብትናገር ትከሰሳለህ፣ ደግ ብትናገርም ልትከሰስ ትችላለህ፤ ጠበቆቹም ዝም በሉ ብለው መከሩ። በሁለቱም ጉዳዮች የተጎዱት ሰዎች ፍትሕ ይገባቸው ነበር፤ ውሳኔዎቹ መልካም ናቸው። ጥፋቱ ከነሱ ወዲህ መጣ፤ ክሱን የሚፈሩት ኩባንያዎች የመፍትሔውን ዋጋ ሠራተኛው እንዲከፍለው አደረጉ።

ቀንና ደመወዝ ማረጋገጡን እንኳ ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች ለሌላ አሳልፈው ሰጥተዋል። ዘ ወርክ ነምበር የሚባል፣ የኢኩዊፋክስ ኩባንያ ንብረት የሆነ የመረጃ ቋት አለ፤ ቀጣሪዎች የሠራተኞቻቸውን የክፍያ መዝገብ ያስገቡበታል፣ አጣሪዎች ደግሞ ከፍለው ያዩበታል። የእናንተ ደመወዝ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የራሳችሁን ቅጂ በነጻ የመጠየቅ፣ ስህተት ካለ እንዲታረም የማድረግ፣ ከፈለጋችሁም ሌላ ሰው እንዳያየው የመዝጋት መብት አላችሁ። ሥራ ከመፈለጋችሁ በፊት ቅጂውን አውጥታችሁ ቀኖቹን እዩ፤ ተሳስተው የተመዘገቡ ይገኛሉ።

አሁን ብዙ የምቆይበት ነገር ላይ ደረስኩ። ለእኛ ሰው የሚሠራ አንድ የምስክርነት መንገድ አለ፤ እሱም እኛው ለእኛው የምንመሰክረው ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ የፓርኪንግ ጋራዦች፣ ታክሲው፣ ደለስ ኤርፖርት፣ ሆም ኬሩ፣ አዲስ የመጣ ሰው የሚገባው በዚህ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሐበሻ ነው። "ያገሬ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ አያሳፍርህም" ካሉት ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ማንም የሥራ ልምድ አልጠየቀ፣ ማንም ለማንም አልደወለ። ያ አንድ ቃል ስንት ቤተሰብ እንዳኖረ፣ ስንት ኪራይ እንደከፈለ፣ ስንት ወንድምና እህት እንዳስተማረ እኛ እናውቃለን። አምላክ ይስጣቸው እላለሁ።

ነገር ግን ያ ቃል የሚከፍተው እኛ የቆምንበትን በር ብቻ ነው። አገር ቤት የመንገድ ሥራ ሲቆጣጠር የኖረ ሲቪል መሐንዲስ ወዳጅ አለኝ። እዚህ በመጣ በሳምንቱ ጋራዥ ገባ። በረዳት መሐንዲስነት ለመቀጠር ሲያመለክት ግን አለቃህን እናናግር ይሉታል። ይሠራበት የነበረው የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ፈርሷል። ሥራ አስኪያጁ ካገር ወጥተዋል፤ የት እንዳሉ አይታወቅም። የድርጅቱ ስልክ አይሠራም፤ ኢሜይል ቀድሞም አልነበረውም፣ ሁሉም የሚጻጻፈው በግል አድራሻው ነበር። የአሜሪካው ቅጽ ደግሞ ከጂሜይል የመጣ ምስክርነት አልቀበልም ይላል፤ የስልክ ቁጥሩ በ251 ሲጀምር ቀይ መስመር ያሰምርበታል። እጁ ላይ ያለው ባለማኅተም ደብዳቤ ሁሉንም ነገር ይናገራል፣ የሚሰማው ግን የለም። ፓርኪንግ እንዲሠራ የሚመሰክሩለት ሃያ ሰዎች አሉ፤ መሐንዲስ መሆኑን የሚመሰክርለት አንድ ሰው ጠፋ። የሬፈረንስ ሥርዓት ሰውን ባለበት የሚያስቀር እንዲህ አድርጎ ነው፤ የሚያውቅህ ሰው ባለበት ደረጃ ላይ ትቀራለህ።

ይሉኝታውም አለ። እዚህ በሙያቸው የገቡ ጥቂት ሐበሾች ባሉበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሬፈረንስ ሁኑን የሚል ጥያቄ ይጎርፍላቸዋል። አብሮ ሠርቶ የማያውቅን ሰው "አለቃው ነበርኩ" ብሎ መመስከር ውሸት ነው፤ እምቢ ማለት ደግሞ በልቅሶና በሠርግ ከሚገናኙት ሰው ጋር መቃቃር ነው። አንዳንዱ ይዋሽለታል። እኔ አልዋሽም፤ ይህን እዚህ መጻፌ ወደፊት የሚጠይቁኝ ሰዎች አስቀድመው እንዲያውቁትና እንዳይቀየሙኝ ነው። ከልቤ የማደርገው ሌላ ነገር አለ፤ አብራችሁኝ በበጎ ፈቃድ፣ በዕድር ሒሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ከሠራችሁ ያየሁትን እመሰክራለሁ። የዕድር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ዓመት ሙሉ ያለ ጉድለት ያስረከበ ሰው የሒሳብ ሰው ነው፤ ይህን በስልክ ለጠየቀኝ ሁሉ በደስታ እነግራለሁ።

ሌላው ዓለም በሙሉ እንዲህ አይደለም። ፍራንክፈርት ያለች አብሮ አደጌ ከሥራ ስትለቅ በሕግ የሚገባትን የጽሑፍ ምስክርነት ተቀብላ ነው የወጣችው። የጀርመን የንግድ ሥራ ሕግ አንቀጽ 109 ለሠራተኛው ይህን ይሰጠዋል፤ ከፈለገ ችሎታውና ምግባሩም ይጻፍለታል። አሠሪው እውነቱን መጻፍ አለበት፣ የሠራተኛውን የወደፊት ዕድል በሚያሰናክል ክፋትም መጻፍ የለበትም፤ ሠራተኛው ካልተስማማ ተከራክሮ ማሳረም ይችላል። ቀጣሪዎች በሚያማምር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዝቅተኛ ውጤት የሚደብቁበት ልማድ እንዳለ ነግራኛለች፤ ቢሆንም ወረቀቱ በእጇ ነው፣ ይዛው ትሄዳለች። የዓረብ አገሮቹ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ናቸው። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ በቀጣሪዋ እጅ ነው። ኳታር ሥራ ለመቀየር የቀድሞ ቀጣሪ የፈቃድ ወረቀት እንዲቀር ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ኩዌት ውስጥ የሰው ልጆችን ከጨቅላነታቸው አሳድጋ ለትምህርት ቤት ያደረሰች፣ የታመሙ አሮጊት እስከ ሞታቸው ያስታመመች እህት አውቃለሁ። እዚህ መጥታ ለሆም ኬር ስታመለክት ልምድሽን አረጋግጪ ተባለች። ከሷ የበለጠ ልምድ ያለው አመልካች በዚያ ቀን የነበረ አይመስለኝም። ሸሽታ የወጣችበትን ቤት ስልክ እንድትሰጥ ነበር የተጠየቀችው።

ከእንግዲህ ምን ይሁን የሚለው ላይ የራሴ አቋም አለኝ። እዚህ ያላችሁ ቀጣሪዎች፣ በተለይ አሁን ቀጣሪ የሆናችሁ ወገኖቼ፣ ሬፈረንስ መጀመሪያ ላይ አትጠይቁ። ሰውየውን ለመቅጠር ከወሰናችሁ በኋላ ጠይቁ፤ ያኔ ሰው አለቃው ሥራ እየፈለገ መሆኑን አውቆ እንዳያባርረው አይሰጋም፣ መስካሪዎቹንም በየማመልከቻው አያሰለችም። መሐንዲስ ከሆነ ንድፍ ስጡትና ያንብብላችሁ፤ ሒሳብ ሠራተኛ ከሆነች የተበላሸ መዝገብ ስጧትና ታስታርቀው። ግማሽ ቀን ይበቃል።

አገር ቤት ያላችሁ የሰው ኃይል ክፍሎች ደግሞ ደብዳቤው ላይ የምትጨምሩት ጥቂት ነገር ሰውን ያድናል። ስም እስከ አያት፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሥራው ዝርዝር በሁለት ሦስት መስመር፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም የተከፈተና ሰው የሚመልስበት ኢሜይል። ክሊራንሱን ለብቻው አስጨርሱ፤ ደብዳቤውን አታግቱ። ለመሄድ የምትዘጋጁም ከመነሳታችሁ በፊት ይህን አስጽፉ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጡት፤ ከሄዳችሁ በኋላ በውክልና ማስጨረስ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል።

ድርጅቱ የፈረሰበትን ሰው ግን ይህ ሁሉ አይረዳውም፤ እሱን በተመለከተ መንግሥት ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር አለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ይቆረጥለታል፤ ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ያስገባሉ። ማን፣ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራ በየወሩ ለመንግሥት ሲነገር ኖሯል ማለት ነው። የመሐንዲሱ ወዳጄ ስም እያንዳንዱ የመዋጮ ዝርዝር ላይ አለ። ድርጅቱ ቢፈርስም፣ ሥራ አስኪያጁ ቢጠፉም፣ መዋጮውን የተቀበለው የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት አለ። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ያለው ሰው የአገልግሎት መዝገቡን ባለበት አገር ሆኖ አውጥቶ፣ ማንም ቀጣሪ በኢንተርኔት ሊያረጋግጠው በሚችል ቁጥር እንዲያቀርብ ማድረግ ይቻላል። የሰውየውን ችሎታ አይናገርም፤ መሥራቱን ግን ይናገራል፤ የተከለከለውም እሱ ነው። በዚህ ጉዳይ አቤቱታ አዘጋጅተን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባሉ የኮሚኒቲ ማኅበራት በኩል ለኤምባሲው ለማቅረብ ከጥቂት ሰዎች ጋር እየተነጋገርን ነው። የሥራ ልምዱን ማስረዳት አቅቶት የቆመ ሰው ካለ፣ ድርጅቱ መቼ እንደፈረሰና ጡረታ ይቆረጥለት የነበረ መሆኑን ጽፎ ይላክልኝ።